ሶኮሮ የት ገባች?

ሶኮሮ ከጠፋች በአምስተኛው ቀን ኔሬይዳ የፀጉር ቤቷን በር ቀርቅራ «ዛሬ አንሠራም» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። ሁለቱን ጓደኞቿንም ካስኩ ሥር አስቀመጠቻቸው። ዮካስታ ከምትሠራበት ፋርማሲ ነጭ ጋዋኗን እንኳን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ብሪሂዳ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሁለተኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ የወጣች ናትና፣ ደብተርና ሦስት ዓይነት ቀለም እስክሪብቶ ይዛ ነበር።

አራቱም ሳን ፔድሮ ከተማ ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ተወልደው ያደጉ ናቸው። የኔሬይዳን ልጅ ክርስትና ያነሳቻት ሶኮሮ ስለሆነች ሁለቱ አበልጃሞች ናቸው። ሶኮሮ አላገባችም። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እናቷን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ኖረች። እናትየዋ ካረፉ ሁለት ወራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ጓደኞች ተራ ገብተው በየቀኑ ሾርባ እየያዙ ቤቷ ይሄዱ ነበር፤ አንድ ቀን አላስታጎሉም። ማክሰኞ ግን ዮካስታ ሾርባዋን ይዛ ስትደርስ በሩ ተቆልፏል፣ አበቦቹ ውሃ ጠጥተዋል፣ ስልኩ ዝግ ነው።

ፖሊሱ የነገሩትን ሁሉ ጻፈና «ትልቅ ሰው ናት፤ ሻንጣም ይዛለች። ካሰኛት ትመለሳለች» አላቸው።

«እሷን አያውቃትም» አለች ኔሬይዳ። «ሶኮሮ እኮ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳን ደውላ ነው የምትነግረኝ።»

ፌስቡክ ላይ ሊያወጧት ወሰኑ። ችግሩ ፎቶ ነበር። ሶኮሮ ካሜራ ካየች ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። ፊቷ የሚታየው አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የኔሬይዳ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ቀን የተነሳችው፣ ጉንጯ በኬክ ተወጥሮ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ።

«ይቺን ካየች ከመቃብር ተነስታ ትገድለናለች» አለች ዮካስታ።

«አፍሽን ዝጊ! ምን መቃብር ትጠሪብኛለሽ?» አለች ኔሬይዳ።

«ንግግር ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ነው» አለች ብሪሂዳ። ማስታወቂያውን የጻፈችው እሷ ነበረች፤ አራት ነጥብ እንኳን አልረሳችም።

በሦስት ቀን ውስጥ አርባ ሺህ ሰው ሼር አደረገው። ኮሜንቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። አንዱ ቺሌ ውስጥ አውቶቡስ ስትጠብቅ አይቻታለሁ አለ። ሌላዋ ባሏ ነው የገደላት ብላ ማለች፤ ባል የሌላት ሴት። አንዲት ጠንቋይ «ከውሃ አጠገብ ትታየኛለች» ብላ ጻፈች።

«ደሴት ላይ እየኖርን!» አለች ዮካስታ። «ከውሃ አጠገብ ያልሆነ ማን አለ?»

ከሁሉ የባሰው «እነዚያ ሦስት ጓደኞቿ አላማሩኝም፣ በተለይ ፕሮፋይሏ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰችው» የሚለው ነበር። ዮካስታ የሚጠብቃትን ደንበኛ ሁሉ ረስታ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትመላለስ ዋለች። ብሪሂዳ ግን እያንዳንዱን ወሬ እያነበበች ደብተሯ ላይ ታሰፍር ነበር፤ ውሸቱን በቀይ፣ ምናልባቱን በሰማያዊ፣ እውነቱን በአረንጓዴ። አረንጓዴው ገጽ ሦስት ቀን ሙሉ ባዶውን ቆየ።

በስምንተኛው ቀን አንድ የሚኒባስ ረዳት ጻፈላቸው። «እኚህን ሴትዮ ሳባና ዴ ላ ማር ወደብ ድረስ አድርሻቸዋለሁ። መስኮት ሥር ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ አለቀሱ። ከዚያ ሁለት በቆሎ ገዝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ ስላስቸገርኩህ ይቅርታ ብለው። ምንም እንኳን አላስቸገሩኝም። ወርደው ወደ ጀልባው ነው የሄዱት።»

«እሷ ናት!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። ሳታጠፋ ይቅርታ የምትጠይቅ ሌላ ሴት አገሩ ላይ የለችም።

ጀልባው የሚሻገረው ወደ ሳማና ከተማ ነው። እናም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱም ከሳማና የተለጠፈ ቪዲዮ ሲያገኙ አንድም አያልፋቸውም፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ዓሣ ነባሪ ሊያዩ የመጡ ቱሪስቶች፣ የአውራ ዶሮ ፍልሚያ ሳይቀር። ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ፊት ሁሉ እየለቀሙ ያያሉ። ኔሬይዳ ስልኳን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ታያለች፣ በእጇ ፀጉር ታቀልማለች። ማታ ዓይኗ ይቀላል። አንዳንዴ ምን እንደምትፈልግ ይጠፋትና የሰው ሠርግ እያየች ታለቅሳለች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ወጣት ባልና ሚስት ከሳማና የባሕር ዳርቻ የለጠፉትን ቪዲዮ ከፈተች። አንዲት ወፍራም አሮጊት ዓሣ በኮኮናት ወተት እየቀቀሉ ስለ አሠራሩ ያስረዳሉ። ሶኮሮ የለችም። ኔሬይዳ ልታልፈው ጣቷን ስታነሳ፣ ከካሜራው ውጭ፣ ከወጥ ቤቱ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሳቀ። መጀመሪያ እንደ ስቅታ ሁለት ጊዜ ብቅ አለ፣ ከዚያ እንደ ፈላ ጀበና ተንደቀደቀ፣ መጨረሻ ላይ «ኧረ ይቅርታ!» አለ።

የቀለም ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። መልሳ ከፈተችው። ደግማ ከፈተችው።

«እኔስ?» አለች ጭንቅላቷ ግማሹ ብቻ የተቀለመ ደንበኛዋ።

«ግማሽሽ በጣም አምሮበታል። ቁጭ በይ፣ መጣሁ» ብላ ስልኳን እንደያዘች ፋርማሲው ድረስ ሮጠች። ዮካስታ ድምፁን ስትሰማ መድኃኒት የሚጠብቀውን ሰልፍ ረስታ ጋዋኗ ላይ አለቀሰች።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጡ። ጀልባው ላይ ብሪሂዳን አስመለሳትና ሰማዩን ብቻ እያየች ተሻገረች። ኔሬይዳ መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ የነበረው ቁጣውን ነው። ምን ብላ እንደምትጀምር፣ የትኛው ላይ ድምፅዋን ከፍ እንደምታደርግ ሁሉ አዘጋጅታለች።

የቪዲዮውን ቦታ ለማግኘት አልተቸገሩም። በቆርቆሮ የተከደነ ወጥ ቤት፣ አሸዋው ላይ አራት ጠረጴዛ። አሮጊቷ፣ ስማቸው እትዬ ኤልሲ ይባላል፣ ሦስቱን ከእግር እስከ ራስ አይተው «ለምሳ ከሆነ ተቀመጡ። ሰው ፍለጋም ከሆነ ተቀመጡ» አሉ።

ሶኮሮ የተላጠ አረንጓዴ ሙዝ በሳህን ይዛ ከውስጥ ወጣች። ፊቷ ፀሐይ መትቶት ጠቁሯል፣ ትንሽም ወፍራለች። አየቻቸው። ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣

«ያንን ፎቶ ከየት ነው ያመጣችሁት?» አለች።

ኔሬይዳ የተዘጋጀችበት ቁጣ ሁሉ ጠፋት። ሄዳ አበልጇን ክንዷ ላይ በመዳፏ መታቻት፤ ከዚያ አንገቷን ይዛ አልለቅ አለች። ዮካስታ ከኋላ መጣችባቸው። ብሪሂዳ ገና እያዞራት ስለነበር አንድ ወንበር ይዛ «እኔም አቅፌሻለሁ፣ ቁጠሪልኝ» አለች።

ሲረጋጉ ሶኮሮ ነገረቻቸው፤ ዓሣውን ለእያንዳንዳቸው እያወጣች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

«እማዬ ስታርፍ ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን እስከ ረፋድ ተኛሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስነቃ ቀለለኝ። ደስ አለኝ፣ ገባችሁ? እናቴ ሞታ ደስ አለኝ። ከዚያ እናንተ ሾርባ ይዛችሁ፣ ዓይናችሁ ቀልቶ ትመጣላችሁ። እንዴት ልሳቅ? እናንተ እንዳትቀየሙኝ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ለሁለት ቀን ብቻ ነበር የወጣሁት። ጀልባው ላይ ስልኬ ባሕር ገባ። እዚህ ስደርስ እትዬ ኤልሲ አስጠጉኝ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች ኔሬይዳ። «ስልክ እኮ ሞልቷል፣ አበልጄ።»

«ከዚያማ የእዚህ ጎረቤታችን ልጅ ‹እኚህ እርስዎ አይደሉም?› ብላ አሳየችኝ። አርባ ሺህ ሰው! ለእኔ ጸሎት የሚያደርስ፣ ሻማ የሚያበራ። ባሌ ሳይቀር ገድሎኛል። በየት በኩል ልመለስ? ሁሉ ሰው ካለቀሰልኝ በኋላ ‹ዓሣ እየበላሁ ነበር› ልበል?»

ማንም አልሳቀም። ኔሬይዳ ሹካዋን አስቀመጠች። በእነዚያ ሁለት ወራት አንድ ቀን እንኳን «እንዴት ነሽ?» ብላ መልሱን እንዳልጠበቀች አስታወሰች። ሁልጊዜ ራሷ ነበር የምትመልሰው፤ «አይዞሽ፣ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ» እያለች።

«ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አለች በዝቅተኛ ድምፅ።

«አልችልም ነበር። በጣም ጥሩዎች ነበራችሁ።»

«ሾርባዬም?» አለች ዮካስታ።

«እሱ ጨው የለውም።»

ያኔ ነው ብሪሂዳ ሳይታሰብ በሳቅ የፈነዳችው፤ ተከታትለው ሁሉም። እትዬ ኤልሲ ምድጃው አጠገብ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጀልባው ሊነሳ ሲል ማስታወቂያውን አወረዱ። በምትኩ ብሪሂዳ «ሶኮሮ ተገኝታለች፣ ደህና ናት። የት እንዳለች አንናገርም፤ ስለ ጸሎታችሁ እናመሰግናለን» ብላ ጻፈች። ሶኮሮ ከእነሱ ጋር አልተመለሰችም። እትዬ ኤልሲ ወጥ ቤት ጉልበት ያላት ሰው ይፈልጋሉ፣ እሷም ጠዋት ጠዋት ባሕሩን ማየት ለምዳለች። ኔሬይዳ «ለስንት ጊዜ?» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ጥላ ያዢ፣ ፀሐዩ ቆዳሽን ጨረሰው» ብቻ ብላ ተሳፈረች። ጀልባው እስኪርቅ ድረስ ግን ከጠርዙ አልተንቀሳቀሰችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሶኮሮ በአዲስ ስልክ ደወለች። ኔሬይዳ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እንዴት ነሽ?» አለቻት። ከዚያ መልሱን ጠበቀች። ሶኮሮ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ዓሣው ዋጋ፣ ስለ እትዬ ኤልሲ ጉልበት ሕመም፣ መጨረሻም ስለ እናቷ፣ አንድ ቀን ተቆጥተው ገንፎውን ከነሳህኑ በመስኮት እንደወረወሩት። ኔሬይዳ ይህንን ከዚህ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር። መልሱ እስኪያልቅ ድረስ አላቋረጠቻትም።