አንቺ ለማለት ሦስት ቀጠሮ

የስልሳ አንድ ዓመቱ ልብስ ሰፊ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ሱቁ፣ በገዛ መቀሱ የአፍንጫውን ፀጉር የከረከመ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ሥነ ሥርዓቱ ያለ ደም መፋሰስ ተጠናቋል ለማለት ባንደፍርም፣ የፈሰሰው በጥጥ ቆሟል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የጥርስ ሐኪሟ ናት። ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፎታል። ሐኪሟ ደግሞ ሁለት አግብታ ሁለቱንም ፈትታ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ «ሁለት ነቅያለሁ፤ ሦስተኛውን ቢቦረቦርም ሞልቼ አቆየዋለሁ» የምትል ሴት ናት። እሷ መንጋጋውን እስከ ጥግ አይታለች፤ እሱ የነጭ ጋዋኗን ልክ ወስዷል። ተጋብተው ይህን ያህል የማይተዋወቁ ስንት አሉ! የቀራቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊው ሴትን «አንቺ» ማለት አይችልም። አርባ ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ለገባው ሁሉ «ክንድዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ሲል ኖሯል። አንዴ የሦስት ወር ሕፃን ልኩ ሲወሰድ ቢያለቅስበት «አይዞዎት፣ ጨርሰናል» ብሎ አባብሎታል። በዕድሜው «አንቺ» ያላቸው ሁለት ሴቶች ናቸው፦ አንዷ አፈር ለብሳለች፤ ሁለተኛዋ እዚያው ሱቅ ቁልፍ የምትተክለው ልጁ ናት።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ኬክ ቤት ተቀምጠው «ስኳር ልጨምርልዎ?» አላት። ለጥርስ ሐኪም!

«እርስዎ ስትለኝ እናቴ ከኋላዬ የቆመች እየመሰለኝ እዞራለሁ» አለችው እየሳቀች።

በሁለተኛው፣ መናፈሻ ወስዶ ወንበሩ ላይ መሐረቡን አነጠፈና «ይቀመጡ» አላት። አልተቀመጠችም።

«ስማኝ። እርስዎ የሚለኝ ሰው ክሊኒክ ሞልቶልኛል። በሦስተኛው አንቺ ካላልከኝ አራተኛ የለም።»

ልጁ ጉዳዩን በሥራ ሰዓት ያዘችው። ፊት የሌላትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ከመስኮቱ አንስታ ወንበር ላይ አስደገፈቻት።

«በል፣ አንቺ በላት።»

«እንደምን ዋሉ?»

«አባዬ! አፍ ቢኖራት ትስቅብህ ነበር።»

«አን…»

«ቺ።»

«አንቺ… ዎ።»

«ሆሆይ! ጭራሽ አዲስ ሰዋስው!»

አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የሱ ግን ሜዳ ላይ ያለከልካል። ልጅቱ ሳቋን ዋጠች።

«እኔ እንደሆነ በሁለት ወር ውስጥ ባሌ ወደተዛወረበት ከተማ ሄጃለሁ። ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር ልታወራ ነው? ከስፌት መኪናው ጋር?»

«እሱ እንኳ መልስ አይሰጥም።»

«እኮ!»

በሦስተኛው ቀጠሮ የተከፈተ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ልብስ ሰፊው «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ሳይል አወራ። «ሻይ ይጠጣል?» «ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር?» «ቦታው ይመቻል?» እያለ፣ እንደ ሌባ በአጥር ሥር በአጥር ሥር ሄደ። እሷ ሁሉም ገብቷታል፤ ግን ታገሠችው። ከዚያ ስለ አንድ ዳኛ ነገረችው፤ ጥርሱን ስትነቅልለት ጣቷን ነክሶ «ይግባኝ!» ብሎ ጮኾባት ነበር። ልብስ ሰፊው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሲስቅ ራሱን ረሳ፤ ራሱን እንደረሳ ነፋስ ገባ።

«አንቺ፣ መስኮቱን ዝጊው እንጂ!» አላት።

ፊቷ በራ። እጇን እጁ ላይ አኖረች። እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ይህ ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉ ተከታዮቹን ይዞ መጣ።

«ኋላ ወገቤን ብለሽ ልትጨቀጭቂኝ ነው። አሽልሻለሁ ደግሞ፤ መች እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«እኔ ወገቤን አያመኝም» አለች ሐኪሟ።

ወገቧን ያማት የነበረው ሟች ሚስቱን ነው።

ሐኪሟ እጇን ወዲያው አላነሳችም። መርፌ ወግታ ድዱ እስኪደነዝዝ እንደምትጠብቅ ያህል ጠበቀች። «እሺ» አለችው ቀስ ብላ፤ «አሁን ደግሞ ለእኔ በለው።»

አፉን ከፈተ። እሷ ራሷ የሞላችው ጥርስ ሳይቀር ታየ፤ ቃል ግን አልወጣም። ያለው አንድ «አንቺ» ነበር፤ እሱም በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ።

ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ቦርሳዋን አነገተች።

«ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ። ደህና ይሁኑ» አለችው።

ይሁኑ። «አፍህን ክፈት» ካለችው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዴም «አንተ»ን ትታ «እርስዎ» ብላው አታውቅም ነበር።

ሱቅ ሲመለስ ልጁ በር ላይ ጠበቀችው።

«አንቺ አልካት?»

«አልኳት።»

«እሰይ የኔ አባት! አራተኛው መቼ ነው?»

«የለም።»

«እንዴ! አንቺ ብለሃት?»

«ብያት።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ? ሰደብካት?»

«ምን በወጣኝ!»

«እና ምን ተፈጠረ? አባዬ፣ ሞቼ እገኛለሁ፣ ንገረኝ።»

ልብስ ሰፊው ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፤ ያልተቀመቀመ ሱሪ ሳበና መርፌውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ክር ማስገባት ጀመረ። ሁለቴ ሳተው።

«አባዬ!»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«አልናገርም አልኩሽ።»