የሐጂ ልጅ

ጽጌሬዳ ከወፍጮው ጎን ተንበርክካ የቺንጋውን መከለያ ብሎኖች አንድ በአንድ ትነካካለች። መከለያው አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቀድሞ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ያለ ምንም ከለላ ይዞር ነበር። ይከለል ስትል ደጋግማ አሳስባ፣ በየጊዜው "ኢንሻአላህ" ተብላለች።

"ጠበቀ?" አላት ከድር፣ የወፍጮ ቤቱ ኦፕሬተር።

"አሁን ጠበቀ።"

በሩ ላይ አንዲት ሴት ማሽላ የያዘ ጆንያ አዝላ ቆማለች። "አቦ ከድር፣ ዛሬም አትፈጩም? በጥርሴ ልፍጨው እንዴ?"

"ጥርስሽማ ከወፍጯችን ይሻላል። ነገ ነይ!"

ሴትየዋ እየሳቀች ወደ ሸዋ በር ገበያ ተመለሰች። ከድር ግን አልሳቀም።

የጽጌሬዳ ሥራ ይህ ነው። በሐረር ያሉ ትናንሽ ድርጅቶች የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ጠብቀው እንዲሠሩ ታማክራለች፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣም አብራቸው ትቆማለች። እዚህ ለከድርና ለባልደረባው ውል አዘጋጅታ፣ ኢንሹራንስ አስገብታላቸዋለች። አብራቸው ለምትሠራው ለዐዚዛ ግን አላደረገችም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ዐብዱልሐኪም "ልጄ ናት" ብለዋት ነበር። ዐዚዛም "አባ" እያለች ትጠራቸው፣ "አንተ" እያለች ትቆጣቸው ነበር። ሰው ከልጁ ጋር ውል አይዋዋልም ብላ ጽጌሬዳ አለፈችው።

የዐዚዛ ቀኝ እጅ በቺንጋው ተይዞ ሦስት ጣቶቿን ባጣች ዕለት ነርሷ በኮሪደሩ ላይ "ዐዚዛ ኢብሮ!" ብላ ተጣራች። ጽጌሬዳ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዞር ብላ ፈለገች።

አሁን ሐጂ ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ከልጃቸው ከዐድናን ጋር ተቀምጠዋል። ተቆጣጣሪው ከቀትር በኋላ ይመጣል።

"ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ ያመጣኋት እናቷ የሞተች ጊዜ ነው። ይህችን ታክል ነበር" አሉ ሐጂ፣ መዳፋቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ አድርገው። "ከዐድናን ጋር ባንድ ሳህን በልታ ነው ያደገችው። ዛሬ ለመንግሥት ሰው ሠራተኛዬ ናት ልበል? ሱብሐነላህ!"

"እሱን ካላሉ ካሳ አታገኝም፣ ሐጂ" አለች ከፊታቸው የቆመችው ጽጌሬዳ። " አባቷን ስታግዝ ተጎዳች ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል።"

"ታዲያ ያብቃ!" አለ ዐድናን። "ውል የላት፣ ደመወዝ የላት። ኢንሹራንስ ስላልገባች ካሳውም ቅጣቱም ከእኛ ነው የሚወጣው። ወፍጮውን እንሽጥ?"

"በየወሩ ገንዘብ ይሰጧት የለ?" አለቻቸው ጽጌሬዳ ሐጂን።

"ለኪሷ ነዋ! ለሳሙናዋ፣ ለቅባቷ።"

"ሕጉ ደመወዝ ይለዋል።"

"አንቺን የቀጠርንሽ ከሕግ እንድታድኚን ነው ወይስ እንድታስይዢን?" አለ ዐድናን።

"ሕጉን እንድትጠብቁ ነው።" ወደ እሱ ዞረች። "ውርስ ስትካፈሉም እህታችሁ ናት?"

ዐድናን ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ። ሐጂ ልጃቸውን እያዩ ጠበቁ።

"እሱ ሌላ ነው" አለ በመጨረሻ። "እሱ የሸሪዓ ጉዳይ ነው፤ ውርስ ለሥጋ ልጅ ነው።"

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እኔ በሕይወት እስካለሁ ከቤቴ አትወጣም፣ ወላሂ።"

"ከእርስዎ በኋላስ?"



በሩ ተገፋ፤ ዐዚዛ ነበረች። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛለች።

"አባ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?"

"ውጫለሁ ልጄ።"

"ውሸታም! ፊትህ ያስታውቃል።" ከጠረጴዛው ላይ ክኒኑን አነሣች፤ በግራ እጇ ልትፈለቅቀው ሞክራ አቃታት። በጥርሷ ቀደደችና መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ሐጂ ያለ ውሃ ዋጡት።

ጽጌሬዳ ስትወጣ ዐዚዛ ተከተለቻት።

"ሁሉንም ሰምቻለሁ። ወፍጮው ሲቆም እዚህ ቤት ወሬ አይደበቅም።" የዱቄት መቀበያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ሠራተኛ ከተባልኩ ልጅነቴ ይቀራል?"

"ሕጉ ስለ ልጅነት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ ሥራሽ ነው።"

"እኔ የምጠይቅሽ ስለ ልጅነቴ ነው።"

ጽጌሬዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ጀጎል ውስጥ የሐጂ ልጅ ነው የሚሉኝ። ሠራተኛ ማለት እኛ ሰፈር የሰው ቤት ወለል የምትወለውል ናት" አለች ዐዚዛ። ፋሻውን በግራ እጇ ዳሰሰችው። "በዚህ እጅ ግን ማን ይቀጥረኛል?"

ከቀትር በኋላ የመጣው ተቆጣጣሪ ደረጀ የሚባል ዝምተኛ ወጣት ነበር። መከለያውን አየ፤ ቺንጋው ቀድሞ እንዴት እንደነበር ከድርን ጠየቀው። ከዚያ ወደ ጠባቧ ክፍል ገብቶ ከሐጂ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሌሎቹ በሩ አጠገብ ቆሙ።

"የተጎዳችው ምንዎ ናት፣ ሐጂ?"

ከውጭ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

"ልጄ ናት" አሉ ሐጂ፣ እንደሚምል ሰው።

ዐድናን ትንፋሹን ለቀቀ።

"የቤተሰብ ሥራ ስታግዝ ነው እንግዲህ የተጎዳችው?"

ጽጌሬዳ ልትናገር ስትል ዐዚዛ ቀደመቻት።

"አይደለም። ጠዋት ወፍጮ ቤቱን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ማታ የምዘጋውም እኔ ነኝ። ወር ሲደርስ ይከፍሉኛል። የእሳቸው ሠራተኛ ነኝ።"

ሐጂ ቀና አሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከአፏ "አባ" እና "አንተ" እንጂ "እሳቸው" የሚል ሰምተው አያውቁም። ፊቷን ፈለጉ፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

"እንዲህ ነው፣ ሐጂ?" አለ ደረጀ።

"አባ…" ብሎ ዐድናን ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ "ሠራተኛዬ" ሊሉ ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም።

"እሷ ያለችውን ጻፍ" አሉ።