ሥር የሌለው እንጉዳይ

አልጣሽ እንጉዳዩን ለጎረቤቷ ለአክስቴ የሰጠቻት በስጦታ ነው። ማታውኑ የአክስቴ ቤተሰብ ሁሉ ሲያስመልሰው አደረ። ወሬው መንደራችንን ቡሌን ሲያዳርስ ከአልጣሽ እጅ ቆጮ እንኳ የሚቀበል ጠፋ፤ እሑድ ሽማግሌዎች ፊት እንድትቀርብም ተባለ።

እኔ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስለተማርሁ፣ ሳይሠራ የተረፈውን ጥሬ እንጉዳይ ልየው አልሁ። እያንዳንዱን ቆብ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ብርጭቆ ደፋሁበት። እንጉዳይ ከቆቡ ሥር ደቃቅ ዱቄት ያራግፋል፤ በቀለሙ ዝርያውን ለመለየት ይረዳል።

"ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ እንጉዳይ እንድታስተኚ ነው?" አለ የአክስቴ ባል ጴጥሮስ።

ጠዋት ወረቀቶቹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነው አገኘኋቸው፤ አንዱ ብቻ አረንጓዴ። ሮዙ የምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው፣ ሰው ሁሉ የሚበላው ነው። እግሩ እንደ ሥር ረዝሞ መሬት ውስጥ ይገባል፤ አልጣሽም ቆፍራ ከነሥሩ ነበር ያወጣችው። የአረንጓዴው እግር ግን እንዲህ ያለ ሥር የለውም፤ ታችኛው ጫፉ ድቡልቡል ነው። መርዛማው እሱ ነበር።

አክስቴን ለብቻዋ አሳየኋት። አረንጓዴውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችው።

"እሱን ከበረቱ ጀርባ የቀጠፍሁት እኔ ነኝ። የአልጣሽ ለሁላችን አይበቃም ነበር። ያም ነጭ፣ ይሄም ነጭ፤ በምን ልወቅ?"

አትናገሪ አላለችኝም። "ቁርስ ብዪ" ነው ያለችኝ።

እሑድ ወረቀቶቹን ይዤ ተነሣሁ። ጨርሼ ተናገርሁ፤ የአልጣሽ እንጉዳይ ደህና ነው፣ ያሳመማቸው ከራሳቸው ግቢ የተቀጠፈው ነው። አክስቴ አቀረቀረች።

ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ሲላስ ወረቀቶቹን ተቀብለው አዩና መለሱልኝ።

"ጎበዝ ነሽ ልጄ። እኛ ግን የተቀመጥነው ለዕርቅ ነው፣ ለምርምር አይደለም። ሰጪዋ አልጣሽ ናት። እሷ ይቅርታ ትጠይቅና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።"

"ጋሽ ሲላስ፣ ልጅቷ ያለችውን ሰምተዋል እኮ" አለች አልጣሽ።

"ሰምቻለሁ። ታዲያ ከሰው ተለይተሽ ልትኖሪ ነው?"

አልጣሽ የተቀመጡትን ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየች። ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ተነሥታ አክስቴ እግር ሥር ተንበረከከች።

አክስቴ ክንዷን ይዛ አነሣቻት፤ ጉንጯንም ሳመቻት።

"ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ።"

ሰው ሁሉ አሜን አለ። ጴጥሮስ ወደ እኔ ዞሮ፣

"አንቺም አሜን በይ እንጂ" አለኝ።