ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ በነዚፍ ሱቅ

ነዚፍ ጨርቅ ሻጭ ነው። መቱ ገበያ መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ ጣቃ ሲዘረጋ፣ ሲለካ፣ ሲቀድ ነው ያረጀው። ስለ ጨርቅ ጠይቁት፣ እስኪመሽ ያወራችኋል። ስለ ሙዚቃ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ራኒያ ሙዚቃ ትደርሳለች። እሱም ቢሆን የሚዘፈን አይደለም። አዲስ አበባ ተምራ፣ ቫዮሊንና ፒያኖ የሚጫወቱ ጓደኞቿን ሰብስባ፣ ቃል የሌለው ረጅም ነገር ታስቀርጻለች።

አንድ ቀን አምስት ሙዚቃ በቴሌግራም ላከችለትና ደወለች።

«አባ፣ ሱቅ ውስጥ ክፈተውና ሰው የሚለውን ንገረኝ። የማን እንደሆነ ግን እንዳትናገር።»

«የልጄ ነው ብል ምናለበት?»

«ካወቁማ በይሉኝታ ያመሰግኑኛል። እዚህም የሚያጨበጭቡልኝ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው። እኔን የማያስብ ሰው አንዳች ነገር ከሰማበት እቀጥላለሁ። ካልሰማበት ግን ትቼው አርፌ አስተምራለሁ። ደክሞኛል፣ አባ።»

ደክሞኛል ማለቷ አሳሰበው። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። አምስቱንም ደጋግሞ አዳመጣቸው። ወደዳቸው? የልጁ ስለሆኑ ወደዳቸው። የገባው ነገር ግን አልነበረም፤ ይህን ደግሞ ለማን ይናገራል?

በገበያ ቀን ስፒከሩን በሩ ላይ አውጥቶ ከፈተው። መጀመሪያ አስተያየት የሰጠው ጎረቤቱ ጫማ ሻጩ ታከለ ነው። ታከለ ያልተጠየቀውን መመለስ ይወዳል።

«ጋሼ ነዚፍ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው? መግቢያው ረዘመ እኮ!»

«ዘፋኝ የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምንሰማው?»

መጋረጃ ልትገዛ የመጣች ሴት የባንክ ማስታወቂያ መስሏት ስለ ብድር ጠየቀችው። ሌላዋ ለልጅ ማስተኛ ጥሩ ነው አለች፤ ነዚፍ ይህችኛዋን በልቡ መርቆ አንድ ክንድ ጨርቅ ጨመረላት።

ሦስተኛው ሙዚቃ ሲጀምር ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አንዲት ቫዮሊን ብቻዋን፣ ዝግ ብላ ትገባለች፤ ፒያኖው ቆይቶ በሩቁ ይከተላታል። ይኼኔ ታከለ የራሱን ስፒከር እልም አድርጎ አጠፋ። ቀጥሎ ያለው የሞባይል ሱቅም አጠፋ። ማዶ ያለው ጁስ ቤትም አጠፋ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲጯጯህ የሚውለው መንገድ ጸጥ አለ። ያልገባችሁ ካላችሁ፣ እኛ አገር ሬዲዮ ያለ ዘፋኝ እንዲህ ቀስ ብሎ ካዜመ አንድ ትልቅ ሰው አርፏል ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ስም እስኪነገር ይጠብቃል።

እትዬ ወርቄ የቲማቲም መደባቸውን ትተው መጡ። በሠፈራ ጊዜ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው መቱ ላይ ያደጉ፣ የሰው ለቅሶ የማያልፋቸው ሴት ናቸው።

«ነዚፍ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«ሬዲዮው ምን አለ?»

«ሬዲዮ አይደለም፤ ሙዚቃ ነው።»

«እንዲያው ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

ቅር እያላቸው ተመለሱ። ወሬው ግን አልተመለሰም፤ እስከ ምሳ መናኸሪያ ደርሶ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ያዮ ገባ። አንድ ደንበኛው ከያዮ ደውሎ «ሚኒስትር ናቸው አሉ፣ የትኛው ናቸው?» ብሎ ጠየቀው። ከሁሩሙ ማር ይዞ የሚመጣው ጎንፋ ብቻ ማን ሞተ አላለም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስኪያልቅ አዳመጠና «ነመ ኤጉ ፈካታ» አለ፤ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል ማለቱ ነው። ከዚያ የሚስቱን ቀሚስ ጨርቅ ተከራክሮ ገዝቶ ሄደ።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ሦስተኛው በመጣ ቁጥር አላፊ አግዳሚው ይጠይቃል፣ ነዚፍ ማንም አልሞተም ይላል። ጥያቄው የመንገዱ ቀልድ ሆነ። ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም። ልጁ ስንት ዓመት የደከመችበትን ነገር ሰው እንደ መርዶ ሲሰማው ምን ብሎ ይነግራታል?

ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ራኒያ ስትደውል ዋሸ።

«ወደውታል፣ ልጄ! በጣም ነው የወደዱት።»

«ምን አሉ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«እ... ድንቅ ጥበብ ነው አሉ። መንፈስ ያድሳል አሉ።»



«አባ፣ ታከለ ነው መንፈስ ያድሳል ያለው? ገባኝ። አይዞህ፣ አልተቀየምኩህም። በቃ እተወዋለሁ።»

ነዚፍ ደነገጠ። ሊያድናት የዋሸው ውሸት ሙዚቃዋን ሊያስተዋት ነው።

«ቆይ! እውነቱን ልንገርሽ። ማን ሞቶ ነው ይሉኛል! ሦስተኛው ሲከፈት ሁሉም ስፒከሩን ያጠፋል። ማንም አልሞተም እላለሁ፣ በማግስቱ ደግመው ይጠይቁኛል። ጎንፋ ደግሞ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል አለ። ይኸው ነው። አላወቁበትም፣ ልጄ፤ አንቺ ምን ታደርጊ?»

ራኒያ አለቀሰች።

«ሦስተኛውን? እርግጠኛ ነህ ሦስተኛውን ነው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«የእማ ነው፣ አባ። ሦስተኛውን ለእማ ነው የደረስኩት።»

ነዚፍ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ሚስቱ ዘህራ የሞተችው በኮሮና ጊዜ ነው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ራኒያ አዲስ አበባ ቀረች፤ እናቷ መንገድ መንገድ እያየች አረፈች። ቀብሩ ላይ ከጥቂት ሰው በላይ አልተፈቀደም። ለቅሶ የደረሰም የለም፤ ጎረቤት ከመንገድ ማዶ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነዚፍ ስሟን አይጠራም። ሰዉም ቁስሉን ላለመንካት ብሎ አይጠራም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ እሷን እንጂ ሙዚቃውን አትሰማም። ደግሞ ስሟን ሳነሳ ወሬ ትለውጥብኛለህ።»

እውነቷን ነው። እሱ ግን ከዚህ የከፋ ነገር ታየው። ሳምንቱን ሙሉ በሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ስለ ገዛ ሚስቱ ሲጠይቁት፣ ማንም አልሞተም ሲል ሰንብቷል።

በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ፣ ከሁሉ በፊት ሦስተኛውን ለቀቀ። ታከለ እንደ ልማዱ እየሳቀ ብቅ አለ።

«ጋሼ ነዚፍ፣ ዛሬስ ማን ሞተ?»

«ዘህራ» አለ ነዚፍ።

የታከለ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ስፒከሩን አጥፍቶ፣ የሱቁን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣና ነዚፍ በር ላይ አኖረው። እትዬ ወርቄ ስሙን ከማዶ ሰምተው ተሻገሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር።

«የኛ ዘህራ! ያኔ እኮ አልደረስኩሽም» አሉ፤ የሚናገሩት ለነዚፍ አልነበረም። «ከማዶ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተመለስኩ፣ እህቴ። ስወልድ ያረስሽኝን ሴት እንደ ባዳ አለፍኩሽ።»

አልቅሰው ተቀመጡ። የጁስ ቤቱ ሰው መጣ፣ የሞባይል ሱቁም መጣ። ጎንፋ የማሩን ጀሪካን መሬት አስቀምጦ የነዚፍን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ያጽናህ» አለው። ነዚፍ ያኔ ያላለቀሰውን ለቅሶ፣ ጣቃዎቹ መሃል ቆሞ፣ ሰው ፊት አለቀሰ። አፈረ እንዳትሉ፣ አላፈረም፤ ቀለል ነው ያለው።

ፒያኖው ከቫዮሊኗ ኋላ በሩቁ ሲከተል ቆይቶ አለቀ። ሙዚቃው የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ነዚፍም ቃሉን ጠብቆ አልተናገረም። ታከለ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይድገሙት።»

ነዚፍ ደገመውና ወደ ጓዳ ገብቶ ስልክ ደወለ።

«ራኒያ፣ ይድገሙት አሉኝ።»

«ቃል በቃል?» አለች።

«ቃል በቃል። ታከለ ነው ያለው።»