በዲስኩ ላይ ያለው ስም

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለች ታይናራ። ወረቀቱን የዘረጋችው በበረኛው ጠረጴዛ ላይ፣ በቁልፍ ሰሌዳውና ለአሥራ ሁለተኛ ፎቅ በመጣ ጥቅል መካከል ነበር።

ዳጎቤርቶ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አየው። ፊርማው የእሱ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ፊርማ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ደረቷን የነፋች። ከፊርማው በላይ በጽሕፈት መኪና የተመታ የዘፈን ግጥም አለ፤ ከግርጌው የሳንሱሩ ቀይ ማኅተም አርፎበታል። ከግጥሙ መሐል አንዱ ስንኝ በጥቁር ቀለም ድርግም ተደርጎ ተሰርዟል።

«የኔ ነው» አለ።

ታይናራ አጨበጨበች። ሳንታ ሴሲሊያ ሰፈር በሚገኘው በዚህ ሕንፃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ሲከፍትና ጥቅል ሲቀበል ለዳጎቤርቶ ያጨበጨበለት ሰው አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህማ ከ«ደህና ዋሉ» ያለፈ ቃል የሚያወራው ሰው ካገኘ ቀኑ የበዓል ያህል ነው። አሁን ይህች በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ የተረሱ ዲስኮችን እየፈለገች እንደገና የምታሳትም ሴት፣ ለእሱ ብላ ሁለት ዓመት ደክማለች። ዲስኩን ያገኘችው ሳንቶ አንድሬ ከተማ ውስጥ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ባዛር፣ ከገና መዝሙሮች ሥር ነው። ሦስት መቶ ብቻ ታትሞ የቀረ ትንሽ የሸክላ ዲስክ። የባንዱ ስም «መጋዘን አራት»፤ ግጥምና ዜማ ዳጎቤርቶ። በዚህ ስም ተነሥታ የሳንሱር ወረቀቶች ከተከማቹበት መዝገብ ቤት ደረሰች፤ ከዚያ ደግሞ እዚህ በር ላይ።

የስምንተኛ ፎቅ ነዋሪዋ እመቤት፣ ዶና ኦዴቴ፣ ውሻዋን እየጎተተች ከአሳንሰሩ ወጣች። «ጋሼ ዳጎ! ምነው ዛሬ ፀጉርዎን አበጠሩ? ሊያገቡ ነው እንዴ?»

«ሙዚቀኛ እንደነበሩ ያውቃሉ?» አለቻት ታይናራ።

«እሳቸው? ኧረ ተይኝ እቴ! እሳቸው እንኳን ሊዘፍኑ፣ ደህና አደሩ ለማለትም ሁለቴ ያስባሉ!» ዶና ኦዴቴ እየሳቀች ወደ ውጭ አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ ዳጎቤርቶን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እሱም ደስ አለው። መደበቅ አልቻለም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ታይናራ ቦርሳ የሚያህል ማጫወቻ ከፈተችና መርፌውን አስቀመጠች። ቤዝ ጊታሩ ቀድሞ ገባ፣ የእሱ ቤዝ። እነ ታይናራ ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ፖስት-ፐንክ ይሉታል። ያን ጊዜ በማኡዋ ከተማ፣ ባዶ መጋዘን ውስጥ ለሚጫወቱት አራት ወጣቶች ግን ስም አልነበረውም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ጆሯቸው ውስጥ የሚቀረውን ጩኸት ነበር የሚጫወቱት። ከበሮው ደረቅ፣ ጊታሩ ቆርቆሮ እንደሚፍቅ ሚስማር። ከዚያ የዘፋኛቸው የጁሬማ ድምፅ መጣ። አያለቅስም፣ አያባብልም፤ ቃሉን እየቆረጠ ያስቀምጠዋል። ዳጎቤርቶ ይህን ድምፅ ከሰማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

የተሰረዘው ስንኝ ጋ ስትደርስ ጁሬማ አፏን ገጥማ አንጎራጎረች። የተሰረዘ ቃል መዝፈን ክልክል ነበርና።

«እዚህ ላይ» አለች ታይናራ መርፌውን አንሥታ፣ «ያሰማሁት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ስንኙ ምን ይል ነበር? በሽፋኑ ላይ ላወጣው ነው። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ዳጎቤርቶ አያስታውሰውም። ግጥሙን የጻፈችው ጁሬማ ነበረች፤ ከዳር እስከ ዳር፣ በምትሠራበት ዚፕ ፋብሪካ በምሳ ሰዓት፣ በሳንድዊች መጠቅለያ ላይ። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ደግሞ የፖሊስ አሥር አለቃ። የሳንሱሩ ቅጽ ለአካለ መጠን የደረሰ ደራሲ ስም፣ መታወቂያና አድራሻ ይጠይቃል። ስለዚህ እሱ ፈረመላት። በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ አልነበረም፤ ያልጻፈው ይፈርማል፣ የጻፈው ይደበቃል። ኋላ አታሚው ስሙን ከቅጹ ላይ ገለበጠና፣ ስሕተት ካለ እንዲታረም ናሙናውን ለዳጎቤርቶ ላከው። ዳጎቤርቶ እስክሪብቶ በእጁ ይዞ አንድ ቀን ሙሉ ስሙን ሲያይ ዋለ። ስሙ በማተሚያ ቤት ፊደል ታትሞ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ምንም ሳያርም መለሰው።

ጁሬማ ዲስኩን ተቀብላ አነበበች፤ «አምሯል» አለች። በሚቀጥለው ልምምድ ግን አልመጣችም። «ተቀይማ ነው፣ ተዉዋት» ብሎ ለሌሎቹ የነገራቸው ራሱ ዳጎቤርቶ ነበር። በወሩ ባንዱ ፈረሰ። ከበሮ መቺው ሞቷል፤ ጊታሪስቱ ፓስተር ሆኗል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዳጎቤርቶ እውነት ግን እያደረ ደፈረሰ፣ አንዳንድ ሌሊት ግጥሙን እሱ የጻፈው እስኪመስለው ድረስ።

«አስታወሱት?» አለች ታይናራ።

«"ፋብሪካው ሲዘጋ፣ እኔም ተዘጋሁ"» አለ። ከየት እንዳመጣው አያውቅም።

«ወይኔ!» ታይናራ ቶሎ ብላ ጻፈችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዲህ የሚጽፍ ሰው ጥቅል ሲቀበል ይኑር!»

ዳጎቤርቶ እስክሪብቶዋ በወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየ። ከስሙ ቀጥሎ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የዛሬው ውሸቱ ተደርድሯል። የድሮው ዝምታ ብቻ ነበር። ይኼኛው ግን አፍ አውጥቶ የተናገረው ነው። አፈረ።

«ሰርዢው» አለ።

«ምኑን?»

«እኔ አይደለሁም። ቤዝ ነበር የምመታው፣ በቃ። የጻፈችው እሷ ናት፣ የዘፈነችው።»

ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ታይናራ ማጫወቻውን ዘጋች። «ሁለት ዓመት ሙሉ የማይሆን ሰው ስፈልግ ነበራ» አለች፤ ለራሷ ያህል ነው የተናገረችው። ለአዲሱ ኅትመት ያዘጋጀችውን ውል አወጣችና የደራሲውን ስም ሰርዛ ባዶ ቦታ ተወች። «ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ ማክሰኞ ነው። ደራሲው ካልፈረመ ዲስኩ አይወጣም። የት እንዳለች ያውቃሉ?»

ያውቃል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ከበሮ መቺው ሲቀበር፣ የጁሬማ እኅት የእኅቷን አድራሻ ብቻ ነግራው ሄዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ማኡዋ ጣቢያ ወርዶ፣ ቤቷ ሳይደርስ ተመልሷል።

ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛው ተካው። ከብራስ ጣቢያ ባቡር ተሳፈረ። ታይናራ የሰጠችውን ውል በጥቅል ፖስታ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ቅዳሜ ስለሆነ ፉርጎው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በመስኮቱ አጥር፣ መጋዘን፣ አጥር፣ መጋዘን ያልፋል። እንዳትከፍትለት ፈራ፤ እንዳትከፍትለት ደግሞ ተመኘ። ጣቢያው ሲደርስ ግን በዚህኛው ጊዜ ሽቅብ ወደ ቤቷ ወጣ።

ጁሬማ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ፀጉሯ አጭር ነው፣ ሸብቷል። ከብረት በሩ ውጭ ቆሞ «ጁ» አላት። የያዘችውን አንሶላ አስጥታ ሳትጨርስ አልዞረችም።

«ሸምግለሃል» አለች።

«ዲስኩ እንደገና ሊወጣ ነው» አለ፤ በመንገዱ ሁሉ ያጠናው ንግግር ከአፉ ጠፍቶ።

«በማን ስም?»

«ባንቺ። ይኸው ባዶ ነው፣ አንቺ ነሽ የምትፈርሚው። ያን ጊዜ ማረም ነበረብኝ። እያየሁ አለፍኩት። ይቅር በይኝ።»

ጁሬማ ሳቅ አለች፣ ደስታ የሌለው ሳቅ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ወደ በሩ ቀረበች። «በስሙ የተቀየምኩ መሰለህ? ስሜ ቢኖርበት እኮ አባቴ ዲስኩን አናቴ ላይ ነበር የሚሰብረው። ያንተ ስም ስላለበት ነው ይዤው ቤት የገባሁት።»

«ታዲያ ለምን ጠፋሽ?»

ግራ እጇን አነሣች። ሁለት ጣቶች የሉም። «በዚያው ሳምንት ነው። የዚፕ መቁረጫው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛሁ፤ ሦስት እሑድ በጠያቂ ሰዓት በሩን ሳይ ዋልኩ። ከሦስታችሁ አንድ እንኳ!»

ዳጎቤርቶ የብረት በሩን ያዘ። «ማንም አልነገረኝም።»

«ማንን ጠየቅክ?»

«ተቀይማ ነው፣ ተዉዋት» ያለው እሱ ነው፤ ሌሎቹም አምነው ተዉዋት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ አንድ ስም ሲያፍር ኖሯል፤ የሚያሳፍረው ግን ሌላ ኖሯል። እንባው በጉንጩ ወረደ። አልጠረገውም።

ጁሬማ አላባበለችውም። እጇን በብረቶቹ መሐል አሾልካ ፖስታውን ተቀበለችው። ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ ለማንበብ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«መነጽር ላምጣ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

በሩን አልከፈተችለትም፤ ሂድም አላለችውም። ከውስጥ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማው፤ ከዚያ ሌላ መሳቢያ። ዳጎቤርቶ ከብረት በሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ።