የአባ ቆይ ሦስት ሰከንድ

በፋብሪካው ብረት ማጠንከሪያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራውን ሰውዬ ሁሉም «አባ ቆይ» ይለዋል። ምሳ ና ሲሉት «ቆይ»፣ ሰላም ሲሉት «ቆይ»። ወዶ ግን አይደለም፤ ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ብረትን እንደጋለ የተባለው ለሱ ብቻ ይመስላል።

ብረት ሲቀዘቅዝ ንፉግ ነው፤ ካርቦን እምብዛም አያስገባም። ፍም ሲመስል ግን የውስጥ አደራደሩ ይለወጥና ቦታ ይገኛል፤ ካርቦኑም ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ይሟሟበታል። ያኔ ከምድጃው አውጥተው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ዘይት ውስጥ ከነከሩት ካርቦኑ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ ብረቱም ይጠነክራል። ከዘገዩ ካርቦኑ ቀስ ብሎ ይለያል፤ ብረቱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ ከተማ ያለችው ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ቦታዋ፣ በአጭሯ የሻይ ሰዓቷ ትደውልለታለች። እሱ ያን ሰዓት ጉጠት ይዞ ምድጃው አፍ ላይ ነው። «ቆይ የኔ ልጅ» ይላል ስልኩን ሳያነሳ። እጁን ታጥቦ ሲደውል እሷ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ማታ ደግሞ «ደክሟት ይሆናል፣ ቆይ ነገ» ይላል። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ስለ ብቸኝነቱ ግን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

ያለፉትን ሦስት ቅዳሜዎች ስልኩ ዝም አለ። ተስፋ ቆርጣብኝ ነው አለ ለራሱ።

ዛሬ ፍም የመሰለ ማርሽ በጉጠት ይዞ ወደ ዘይቱ ሲዞር ስልኩ ጮኸ። ማርሹን ምድጃው አጠገብ ያለው ጡብ ላይ አስቀምጦ፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ አነሳው።

«ልጄ።»

ከወዲያ የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«አባዬ? ታነሳለህ ብዬ እኮ አላሰብኩም። ምን እንደምልህም አላውቅ።»

«ሦስት ቅዳሜ ጠፋሽብኝ።»

«ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አሁን ተሽሎኛል።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ?» አለችው።

ጡቡ ላይ ያለው ማርሽ መቅላቱን ትቶ አመድ መስሏል።

«ሥራ ላይ ነህ፣ ልዝጋው?»

«ቆይ» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

«ማርሹን እንደገና አሞቀዋለሁ። ምንሽን ነበር ያመመሽ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

የሻይ ሰዓቷ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።