ሠላሳ አንደኛው ምሰሶ

ምሰሶው በክሬኑ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይዞራል። ከሥሩ የተንበረከከው ፎርማን የምሰሶውን እግር በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራ መራው፤ ወደ ቀኝ መለሰው፤ እንደገና ወደ ግራ። አራቱ ቀዳዳዎች ከኮንክሪቱ በወጡት አራት ቡሎኖች ላይ አልገባ አሉ። የክሬኑ ሾፌር ካቢናው ውስጥ ሆኖ፣ ዛሬ የሚገባ ከሆነ ይጠብቃል፣ ካልሆነ ግን እቤቱ ሄዶ ጋደም ቢል ይሻላል ሲል አስተያየቱን ሰጠ።

ፎርማኑ ሜትሩን ከቀበቶው መዘዘ። ከቡሎን እስከ ቡሎን ሠላሳ ሳንቲም። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ሠላሳ ሁለት። የሜትሩ ጫፍ ላልቶ እንደሆነ ብሎ ከአሥር ጀምሮ እንደገና ለካ። ያው ነው።

«አውርደው» አለ።

መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቱንቢ ይለዋል። እንደ ቱንቢ ክር ቀጭን ነው፤ የተጣመመ ነገር ሲያይ ደግሞ የሚያመው ይመስላል። መንገዱ ሲሰፋ ዳር ዳሩን የነበሩትን የመብራት ምሰሶዎች ነቅሎ አዲሶቹን የመትከል ሥራ የእሱ ነው። አርባ አራት ይወጣል፤ አርባ አራት ይቆማል። ከአርባ አራቱ እንቅልፍ የነሳው ግን ይኸው ሠላሳ አንደኛው ብቻ ነበር፤ የሚቆመው በታላቅ እህቱ በር ላይ ነዋ።

እህቱ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ሊጥ የሚነሣው ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ ከቤት የምትወጣው በጨለማ ነው። የድሮውን ምሰሶ ከበሯ ላይ የነቀለው ቱንቢ ራሱ ነው። በሦስተኛው ቀን የቧንቧ ሠራተኞች እዚያው ቦይ ቆፈሩ፤ በአራተኛው ቀን እሷ ቦዩ ውስጥ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ከስድስት ሳምንት በኋላ ትናንት ወለቀ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ሰኞ ስትወጪ በርሽ ላይ መብራት ይኖራል ብሎ ቃል ሰጥቷታል።

እሷ አልተቆጣችውም ነበር። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ጀሶዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «መብራቱን የነቀልከው አንተ፣ ቦዩን የቆፈሩት ጓደኞችህ፤ እኔ ወድቄ ባላግዛችሁ ሥራችሁ ጎዶሎ ይቀር ነበር» አለችው።

ቱንቢ ወደ ጎረቤት መሠረቶች ሄደ። ሠላሳ ሁለተኛው፦ ሠላሳ ሳንቲም። ሠላሳ ሦስተኛው፦ ሠላሳ። ሠላሳ አራተኛው ትክክል ነው። ወደኋላ ተመለሰ፤ ከሃያ ስምንተኛ እስከ ሠላሳ ሁሉም የጠበቡ ናቸው። ሃያ ሰባተኛው ደህና ነው። ስድስት መሠረት ተበላሽቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ መሠረት ሳይደርቅ ቀኑ በሚስማር ይጻፍበት የሚል ሕግ ያወጣው እሱ ነበርና ጎንበስ ብሎ አነበበ። ስድስቱም የተሞሉት በአንድ ቀን ነው።

ኮንክሪት የሚሞላውን ቡድን የሚመራው ቡኮ የሚሉት ወፍራም ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ ስለኖረ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ሲያራግፍ አገኘው።

«ስድስቱን መሠረት በምን ልክ ነው የሠራኸው?» አለው ቱንቢ። «ሁለት ሳንቲም ጠበዋል።»

ቡኮ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ሁለት ሳንቲም ለካና ተመለከተው። «ለዚህች ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

ይኼኔ ቱንቢ ፈነዳ። ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ ኃላፊነት፣ የቡሎኖቹን ቦታ የሚያሳየውን የልክ ጣውላ በገዛ እጁ እንዴት አድርጎ እንደበሳው አወራ። ያን ጣውላ አንድ ቀን የበርሜል ክዳን አድርገውት አግኝቶ ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ውስጥ እንደሚቆልፍበት አስታወሰው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያለ ስንት ጊዜ እንደመከራቸውም ቆጠረለት። ቡኮ ጫማውን አጥልቆ፣ ክሩን አስሮ፣ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ጨረስክ? ያን ቀን ሚክሰሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ኮንክሪት ቁጭ በል አይባል ነገር። ሳጥንህ ላይ ጓጉንቸር አለ። ቁልፉ በማን ኪስ ነበር?»

ቱንቢ ቀኑን አስታወሰ። መሠረቱ ላይ ያነበበው ቀን እህቱ የወደቀችበት ቀን ነበር። እሷን ሐኪም ቤት ይዞ ሲሮጥ ቁልፉ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ስልኩንም ነርሷ አጥፋ ብላው አጥፍቶታል።

«መኪና የገጨውን የድሮ ፖል እግር ቆርጠን በሱ ለካን» አለ ቡኮ። «ማታ ደውዬ በአሮጌው ልክ ሠርተነዋል ስልህ፣ እጇ ከሁለት ቦታ ነው የተሰበረው አልከኝ። እኔ ምን ልበልህ? እግዜር ይማራት አልኩህ። ታጥቀን እንዳንሮጥ መቀነቱን ቆልፈህብን ሄድክ፣ ወንድሜ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ቱንቢ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ፤ ጣውላው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው ተኝቷል።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት መሐንዲስ መጥታ ለካችና ስድስቱም ይፈረሱ አለች። ተሰብሮ፣ ተሞልቶ፣ ደርቆ፣ አራት ሳምንት። ቡኮ የአዲሱን ምሰሶ ቀዳዳዎች በእሳት ማስፋት ይቻላል ቢልም ቱንቢ ጆሮም አልሰጠው፤ በእሳት የሰፋ ቀዳዳ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይላላል፣ ምሰሶው ቢወድቅ ደግሞ የሚያርፈው እህቱ ጣራ ላይ ነው። ሰኞ ግን ከአራት ሳምንት በኋላ አይደለም።

ቡሎኖቹን አሻግሮ እያየ ቆየ። አዲሱን ምሰሶ አይቀበሉም እንጂ የድሮውን ይቀበላሉ፤ የተለኩት በእሱ እግር ነው። የድሮዎቹ ደግሞ የሥራው ዕቃ ማከማቻ ግቢ ውስጥ ከአንድ እስከ አርባ አራት በተራ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ቁጥራቸው በሽቦ ታስሮባቸው ተኝተዋል። እንዲያ እንዲደረደሩ ሲያዝ ሠራተኞቹ ለቁራሌው ለሚሸጥ ብረት ምን ተራ ያስፈልገዋል ብለው ስቀውበት ነበር።

«አዲሱን መሠረት ከጎን እንሞላለን» አላት መሐንዲሷን። «እሱ እስኪደርቅ አሮጌዎቹ ይቁሙ።»

«ጋሼ፣ አሮጌዎቹ እኮ በአንድ ሜትር ተኩል ያጥራሉ። መንገዱ ጥርሱ የወለቀ ማበጠሪያ ይመስላል።» ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። «አንድ ፖል ከመስመር ቢወጣ በጥርሴ እነቅለዋለሁ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ስህተቱም የኔ ነው፤ በኔ ስም ጻፊው።»

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ አሮጌዎቹን አቆሙ። ሠላሳ አንደኛው ቡሎኖቹ ላይ ልክ ጫማ እንደሚያጠልቅ እግር ገባ፤ የክሬኑ ሾፌርም ጥሩንባውን ነፋ። ደስታው ግን አልቆየም። የአዲሱ መብራት አንገት ለድሮው ክንድ ሰፊ ሆኖ ተገኘና ቱንቢ ማጥበቂያ ቀለበት ለማስቀረጽ ሦስት ብረት ቤት ዞረ፤ ሁለቱ ሰኞ ና አሉት፤ ሦስተኛው ቀረጸለት። ሰኞ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ መስማት አስጠላው። ሲመለስ የሳጥኑን ቁልፍ አውጥቶ ያለ አንዳች ማብራሪያ ቡኮ እጅ ላይ አስቀመጠ። ቡኮም ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

አመሻሹ ላይ መብራቱ በራ። እህቱ የዳነውን እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። በቦዩ ላይ በተጋደመው ሳንቃ ተሻገረች፤ ተመለሰች፤ የሳንቃውን ጠርዝ እያየች ደግማ ተሻገረች። ከዚያ ወደ ምሰሶው ተጠግታ ደረቷ ትይዩ ያለውን ዝገት በጣቷ ዳሰሰች። የልብስ ማስጫ ሽቦዋን ለዓመታት ያሰረችበት፣ እሱም ፍቺው እያለ ሲነተርካት የኖረበት ቦታ ነው።

«ይኼማ የድሮው ነው።»

«የድሮው ነው፣ እታለም።»

«ስድስት ሳምንት አዲስ አዲስ ስትለኝ ከርመህ የራሴን ነቅለህ ለራሴ አመጣህልኝ?»

የልክ ጣውላውን፣ ጓጉንቸሩን፣ የወደቀችበትን ቀን፣ ሁሉንም አንድ ሳይቀር ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ አንድ ዓይኗን ጨፍና ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ደግሞ ጋደል ብሏል» አለች።

ቱንቢ ደሙ ፈላ። ከኪሱ ቱንቢውን አውጥቶ ክሩን ከምሰሶው ጎን አንጠለጠለና እስኪረጋ ጠበቀ። ፀጉር አያስገባም። ክሩን ይዞ ወደ በሯ ሄደና መቃኑ ላይ አንጠለጠለው፤ ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ከእንጨቱ ሦስት ሳንቲም ርቆ ቆመ።

«የጋደለው በርሽ ነው» አላት።

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየዋለህ» አለች እህቱ። «ነገ እሑድ ነው፤ መጥተህ አቃናው።»